የቅሬው ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው

መቼም የአገራችንን ቢሮ የማያውቅ የለም። ደብዳቤ ላይ ማኅተም ለማስመታት ሄዳችሁ «ማኅተም ያዧ ስብሰባ ላይ ናት» ተብላችሁ ግማሽ ቀን ያልተገተራችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ! ማኅተሙ በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ እንኳ መሳቢያውን ቆልፎ ነው። ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ ለተተኪው በደብዳቤ፣ በቁጥርና በቀን ያስረክባል። እንበሳጫለን እንጂ ነገሩ ሲያስቡት ልክ ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰው ያስቀጥራል፣ መሬት ያስወስዳል፣ ሲከፋም ያሳስራል።

እዚያው ቢሮ ውስጥ ግን ሌላም ማኅተም አለ። ይኼኛው መሳቢያ የለውም። አንዱ ከኮሪደሩ ጫፍ «የሰርቨሩ ፓስወርድ ምን ነበር?» ብሎ ይጮሃል፤ ከወዲያኛው ክፍል «ያው የድሮው ነው፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሁለት ሦስት ጨምርበት!» የሚል መልስ ይመጣል። ወንበር ላይ የተደረደረው ባለጉዳይ ሁሉ ይሰማል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚህ ስለተረሳው ማኅተም ነው።

እኛ ሦስት ነን። ኮምፒዩተር ሳይንስ አብረን ተምረን አንዳችን ባንክ ገባን፣ አንዳችን መንግሥት ቤት፣ አንዳችን ደግሞ «በግላችን እንሠራለን» እንላለን (ሥራ ፈት የማለት ጨዋ አነጋገር መሆኑን ታውቃላችሁ)። ከሦስታችን የአንዳችን ቤተሰብ መካነ ሰላም ነው። ላላያችኋት፣ ከደሴ ተነስታችሁ ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንታችሁ ድረስ ዘልቆ፣ አቀስታን አልፋችሁ፣ ወደ አባይ በረሃ አፋፍ ስትጠጉ የምታገኟት የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የወሎው ቦረና ማለታችን ነው፤ የደቡቡ አይደለም። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ እዚያ ነው። የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ የሆነው የቦረና ሳይንት ፓርክም ከአካባቢው ሩቅ አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ቤተሰብ ጥየቃ ሄደን ሳለ አንድ የምናውቀው ሰው «እናንተ የኮምፒዩተር ልጆች አይደላችሁ? እስቲ ይህችን ማሽን እዩልን» አለንና ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ብንጠራውም ለውጥ የለውም፣ እናንተ የምትሠሩበትም ሊሆን ይችላልና። ማሽኗ ቀርፋፋ ናት ተብለን ነበር የተጠራነው። ስንደርስ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ችግር ሌላ ነበር። የከፋዮች መዝገብ ላይ ከአንድ አካባቢ የመጡ ሰዎች «ከፍለዋል» ከሚለው ወደ «አልከፈሉም» ተቀይረዋል። ከእነሱ አንዷ እናት በእግራቸው ግማሽ ቀን ተጉዘው መጥተው ደረሰኛቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። ወረቀቱ «ከፍለዋል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩ «አልከፈሉም» ይላል። ሠራተኛው ደግሞ «እማማ፣ ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚለው» ይላቸዋል።

ማን ቀየረው? መዝገቡ የተቀመጠበት ዳታቤዝ ይህን መናገር ነበረበት። ዳታቤዝ ማለት በቀላሉ መዝገብ ቤት ነው፤ ብዙ ፋይል፣ ብዙ መደርደሪያ፣ በር ላይ ደግሞ የሚጠብቅ ዘበኛ። ዘበኛው የገባውን ሰው ስምና ሰዓት፣ የነካውንም ነገር እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ፈልገን የተጻፈውን አገኘን። የቀየረው ሰው ስም «ሩት» ይላል። ሩት ግን ሠራተኛ አይደለችም! የሁሉ ነገር የበላይ የሆነው የአድሚን አካውንት ስም ነው። ሰባት ሰው በሩት ይገባል። ፓስወርዱ ስክሪኑ ሥር በፕላስተር ተለጥፏል። የቢሮው ፕሮግራም ራሱ የሚገናኘው በሩት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወረቀት ሲፋቅ ይታያል። የእጅ ጽሑፍም ከሰው ሰው ይለያል፤ የድሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ «ይህቺ የእገሌ ቀለም ናት» ብሎ ይለይላችኋል። ዳታቤዝ ላይ የእጅ ጽሑፍ የለም። የእጅ ጽሑፋችሁ አካውንታችሁ ብቻ ነው። ሰባት ሰው በአንድ አካውንት ሲገባ ሰባታችሁም አንድ እጅ፣ አንድ ቀለም ሆናችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ጥርጣሬው ማን ላይ ወደቀ? ሰርቨሩ አጠገብ በምትቀመጠው፣ በዲፕሎማ በተቀጠረችው ታናሽ ልጅ ላይ ነዋ! ማስረጃ የለም። ግን ወንበሯ ቅርብ ነው፣ ደሞዟ ትንሽ ነው፣ የሚከራከርላት ዘመድ የለም። ማንም ከሰሳት አንልም። ነገር ግን ስትገባ ወሬ ይቆማል፣ ስትወጣ ይቀጥላል። ንጹሕ መሆኗን ልታሳይበት የምትችለው አንድም ነገር አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ዝውውር ጠይቃ እንደሄደች ሰማን። ሰዎቹም በደረሰኛቸው መሠረት ተስተካከለላቸው። ደረሰኝ የጠፋበት ሰው ቢኖርስ? እሱን ማንም አላነሳውም።

ያን ሰሞን ቡና ላይ ቁጭ ብለን ይህንኑ ስናወራ የጎረቤት ሽማግሌ ሰሙን። የቅሬ ገንዘብ ያዥ ናቸው። (ቅሬ የአዲስ አበባው እድር የወሎ ወንድም ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀባበርበታል።) የእሳቸው ቅሬ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በእሳቸው እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም።

«ጋሼ፣ አትተማመኑም ማለት ነው?» አልናቸው ለቀልድ።

«ስለምንተማመንማ ነው ልጆቼ» አሉን ስኒያቸውን አስቀምጠው። «ቁልፉ እኔ ዘንድ ብቻ ቢሆን ብር የጎደለ ዕለት በምን ብዬ እምላለሁ?»

እኛ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን የተማርነውን ኮርስ እኒህ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እንግሊዞቹ ትልቅ ስም ሰጥተው በመጽሐፍ የሚያስተምሩት «ሥራን መከፋፈል» የሚባለው መርህ ይኸው ነው። እቁብም ቢሆን ዳኛው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው። የባንክ ካዝና ቁልፍና የምስጢር ቁጥሩ በአንድ ሰው እጅ አይሆኑም። የመንግሥት ቼክ በሁለት ፊርማ ነው የሚወጣው። በቤተ መንግሥትም ማኅተሙን ጸሐፊ ትዕዛዝ፣ ግምጃ ቤቱን በጅሮንድ ይይዝ ነበር። ይህ አገር ቁልፍ ማካፈልን ከማንም አልተማረም። ሣጥኑ ኮምፒዩተር ሲሆን ነው ሦስቱንም ቁልፍ በአንድ ቀለበት አስረን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው።

ከሌላው ዓለም ተለይተን ሰነፍን ለማለት አይደለም። ሶፍትዌሩም ሲመጣ እንዲሁ ሆኖ ነው የመጣው። የድሮው ኦራክል ዳታቤዝ «ሲስተም» የሚለው አካውንቱ «ማናጀር» ከሚል ፓስወርድ ጋር ነበር የሚመጣው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤስኤ» የሚባል የበላይ አካውንት አለው፤ ያኔ ብዙ ሰው ፓስወርዱን ባዶ ይተወው ነበር። በግንቦት 2002 እ.ኤ.አ. «ስፓይዳ» የተባለ ትል በኢንተርኔት እየዞረ ያንኑ ባዶ በር እየከፈተ ገባ። ማይኤስኪውኤል ሲጫን ለሩት የዘፈቀደ ፓስወርድ መስጠትን መደበኛ ያደረገው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.7 እትሙ ነው። በዛምፕ ላብ የተማራችሁ ደግሞ ታስታውሱታላችሁ፦ የተጠቃሚ ስም «ሩት»፣ ፓስወርድ ባዶ። ለመለማመጃ ምንም አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ያ የመመረቂያ ፕሮጀክት እንዳለ ወረዳ ወርዶ የሕዝብ መዝገብ ሲሆን ነው።

የግለሰብ አካውንት ምን እንደሚጠቅም ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን፣ መንስኤውም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የራሱ የውስጥ ችግር መሆኑን ገለጸ። ጉዳዩ የአድሚን ፓስወርድ ጉዳይ አልነበረም። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ባንኩ ማን ስንት ብር እንደወሰደ በስሙ ያውቅ ነበር። «መልሱ» አለ፤ ብዙዎቹ መለሱ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ለምን? እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ካርድ፣ የራሱ የምስጢር ቁጥር ስላለው ነው። በአንድ ሌሊት የተበተነ 801 ሚሊዮን ብር ባለቤቱ ሲታወቅ፣ በእኛዋ ቢሮ ግን የአንዲት እናት አንድ መስመር ማን እንደቀየራት አልታወቀም!

«እሺ፣ ፓስወርዱን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው» ትሉ ይሆናል። እሱም መዘዝ አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኔትወርክ ባለሙያ የነበረው ቴሪ ቻይልድስ የከተማዋን ዋና ኔትወርክ የይለፍ ቃሎች ብቻውን ይዞ ለአለቆቹ አልሰጥም አለ። ታሰረ። እስር ቤት ሆኖም አልሰጥም አለ። በመጨረሻ ከንቲባው ጋቪን ኒውሰም ራሳቸው እስር ቤት ድረስ ሄደው ተቀበሉት። ሰውየው በ2010 አራት ዓመት ተፈረደበት። ያ ሁሉ ባለሙያ ያላት ከተማ በአንድ ሰው ኩርፊያ እንዲህ ከሆነች…

መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ኩርፊያም አያስፈልግም። ያለው አንድ የአይቲ ባለሙያ ነው። ደሴ ዝውውር አገኘ እንበል። ወይ አዲስ አበባ የተሻለ ደሞዝ ተገኘለት። ወይ ታመመ። ፓስወርዱ አብሮት ይሄዳል። «ደውሉለት» ይባላል። ይደወላል፤ መንገድ ላይ ሆኖ በስልክ ይናገራል፤ አንዱ በወረቀት ይጽፈዋል፤ ወረቀቱ ስክሪኑ ሥር ይለጠፋል። አያችሁት? የአንድ ሰው ቁልፍ መጨረሻው የሁሉ ሰው ቁልፍ ነው። «ከአዲስ አበባ ሆነን በርቀት እናስተዳድረዋለን» የሚለውም አያዋጣም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታውቁት ነው። ኔት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚነካው እዚያው ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ሥርዓቱም እዚያው፣ በእጅ የሚሠራ መሆን አለበት።

ምን ዓይነት ሥርዓት? ውድ ዕቃ የሚጠይቅ ነገር አናመጣባችሁም። ሲጠቃለል የቅሬው ሣጥን ነው።

መጀመሪያ፣ ለየሰዉ የራሱን አካውንት ክፈቱለት። ከዚያ «ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መዝገብ የሚያየው ማየት ብቻ ይፈቀድለት። አዲስ የሚመዘግበው ማየትና መጨመር። የተመዘገበን መቀየር የሚችለው ኃላፊነቱ ያለበት ሰው ብቻ። ሠንጠረዡን ከነነፍሱ መሰረዝ የሚችል ደግሞ በአዘቦት ቀን ማንም አይኑር። ፕሮግራሙም ራሱ እንደ ሠራተኛ ተቆጥሮ የራሱ አካውንት፣ ለሥራው የሚበቃው ፈቃድ ብቻ ይኑረው። በሩት እየተገናኘ ያለ ፕሮግራም የተሰበረ ዕለት፣ ሰባሪው ሁሉን ይዞ ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፣ የሩቱ ፓስወርድ ወደ ሣጥን ይግባ። ረጅምና የማይገመት አድርጋችሁ ሥሩት፤ «ድር ቢያብር» ብላችሁ እንዳታስገቡ፣ ያንን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ፖስታ ውስጥ አሽጉት፤ እሽጉ ላይ ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ ካዝና ውስጥ ይግባ። አደጋ ሲመጣ በሁለት ሰው ፊት ይከፈታል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተው ይመዘገባል። ሥራው ሲያልቅ ፓስወርዱ ተቀይሮ አዲስ ፖስታ ይታሸጋል። ባለሙያው ዝውውር ቢያገኝ ፖስታው አይዛወርም!

ሦስተኛ፣ የዘበኛው መዝገብ ዘበኛው ከሚጠብቀው ቤት ውጭ ይቀመጥ። አድሚኑ ራሱ ሊያጠፋው የሚችል የክንውን መዝገብ ማስረጃ አይሆንም። በየዕለቱ ወደ ሌላ ማሽን ይገልበጥ፤ እሱንም ሌላ ሰው ይያዘው።

በነገራችን ላይ «በየጊዜው ፓስወርድ ቀይሩ» የሚለውን የድሮ ትእዛዝ የምታስፈጽሙ ካላችሁ አረፍ በሉ። ሰው መስከረም1፣ ጥቅምት1 እያለ ነው የሚቀይረው። ያንን ምክር በ2003 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም የጻፈው ቢል በር ራሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2017 እንደሚጸጸትበት ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለወጠ። መቀየር ያለበት ሾልኳል ተብሎ ሲጠረጠር ወይም የሚያውቀው ሰው ሲለቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ግማሽ ቀን ይበቃል። ታዲያ ለምን አይሠራም? ይሉኝታ ይመስለናል። አብራችሁት ምሳ የምትበሉትን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ፓስወርዱን አታውቅም» ስትሉት «ሌባ ነህ» ያላችሁት ይመስለዋል። «ለእኔም?» ይላል ቅር ብሎት። አለቃውም «እኔ ኃላፊ ሆኜ እንዴት ሁሉን አላይም?» ይላል። ፈቃድ የክብር መለኪያ ሆኖ ቁጭ አለ። ኃላፊው ግን የሙሉ ፈቃድ ባለቤት የሆነ ዕለት የእያንዳንዱ ስህተት ተጠርጣሪም ሆነ። ያቺ ልጅ ማየት ብቻ የሚያስችል አካውንት ቢኖራት ኖሮ ያን ቀን ማን ደፍሮ ይጠረጥራት ነበር? የተከለከለችው ነገር ጋሻዋ ይሆን ነበር። ሽማግሌው «በምን ብዬ እምላለሁ?» ያሉት ይህንን ነው።

ሕጉም ቢሆን ተቀምጧል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የይለፍ ቃል ለሌላ ማስተላለፍን ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። ነገር ግን አዋጅ ስክሪን ሥር የተለጠፈ ወረቀት አይነቅልም። የሚነቅለው እዚያው የሚሠራ ሰው ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የእኛው ደቡብ ወሎ ተሁለደሬ ነበር፤ ዛሬ አገር አዳርሷል። የገበሬው መሬት ኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው። ፋይዳ መታወቂያ አለ። የተማሪው ውጤት አለ። ከእነዚህ መዝገቦች ጀርባ ያሉት ሰዎች ሩት ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ማወቅም የለባቸውም። ደረሰኙን በመቀነት ቋጥሮ የማስቀመጥ ጥንቃቄያቸው ግን ከብዙ ሰርቨር ክፍል ይበልጣል።

እስከዚያው አንድ ትንሽ ነገር እንለምናችሁ። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ያዞራል አይደል? ንብረት ክፍል ወንበሩንና ካልኩሌተሩን ይጠይቃል፣ ሒሳብ ክፍል ብድሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን። ለአንድ ፍላሽ ዲስክ ሰው ሳምንት ይመላለሳል። ነገ ቢሮ ስትገቡ ያንን ቅጽ አውጡና ከታች አንዲት መስመር በእስክሪብቶ ጨምሩበት፦ «አካውንቱ ተዘግቷል፤ የሚያውቃቸው የይለፍ ቃሎች ተቀይረዋል።» ፊርማ። ቀን።

ማኅተም ያዧ ከስብሰባ ከተመለሰች ደግሞ ማኅተምም አስመቱበት።